ጉርሻ በመልክተኛ

ጠረጴዛው በበሩ አልገባም አለ። ጥቅምት ነው፤ መንዝ መሐል ሜዳ ላይ ውርጩ ገና ከሳሩ አልተነሣም። አራት ጎልማሶች አንድ ጠረጴዛ ተሸክመው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በጎኑ አዙረው ሞከሩት፤ እንቢ። እግሩን አስቀድመው ሞከሩት፤ እንቢ። የእኅቴ ልጅ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ «እማማ፣ የበሩን መቃን ትንሽ ብናፈርሰውስ?» አላቸው፣ ለአክስቴ። እሳቸው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «ቤቱን አባወራዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ጭኖ ሠራው። ጠረጴዛውን አንተ ብር በብር ላይ ጭነህ ገዛኸው። የሚፈርሰውን እንግዲህ አንተው ምረጥ» አሉት።

ልጁ መልስ አጣ። ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ፊታቸውን ወደ ጓሮ አዞሩ።

እኔ በሩን ለካሁ። ሦስት ስንዝር ከሁለት ጣት፤ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የጠረጴዛው ርዝመት 180፣ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። እግሮቹ በኮላ የተጣበቁ ናቸው፤ አይፈቱም። 75ም ሆነ 90 በ70 አያልፍም። ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ ላይ ከገንዘቡ በፊት አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ማውጣት ይበቃ ነበር።

ልጁን ግን አልወቅሰውም። አክስቴ ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ደመወዙን አጠራቅሞ፣ ዕቁቡ ሲወጣለት የመጀመሪያ ሐሳቡ እሳቸው ሆኑ። ጠረጴዛውን ከስድስት ወንበር ጋር አይሱዙ ላይ ጭኖ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጣርማ በር፣ ከጣርማ በር በጓሳ በኩል መንዝ አወጣው። ያን ሁሉ መንገድ ብርድ ልብስ አልብሶ ነው ያመጣው። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረካል እንጂ አይወቀስም። የምወቅሰው «ሙሉ ሳሎን» ብሎ የሸጠለትንና ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚበላበት፣ ምን እንደሚበላበት አንድም ቃል ያልጠየቀውን ገበያ ነው።

አንዱ ተሸካሚ «የመንዝ ቤት በሩ ጠባብ ነው እኮ» አለ። ይህን ሐሜት ከተሜም ሲደግመው እሰማለሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ አገር በሩን ያሰፋ ሰው ብርዱን ነው የጋበዘው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣራው የጓሳ ሳር፣ በሩ ጠባብ፣ መደቡ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ፣ በላዩ አጎዛ የተነጠፈበት ቤት አስተዋይ ሰው ያሰበበት ቤት ነው። ያ ቤት ዕቃውን ያውቃል። ዕቃው ነው ቤቱን የማያውቀው።

መጨረሻ ላይ የጠረጴዛው እግሮች በመጋዝ ተቆረጡ፤ ገበታው ገባ፤ እግሮቹ ውስጥ መልሰው ተቸነከሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩን የሚያመው አክስቴን ብቻ አልሆነም።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። አክስቴ ታላቅ ናቸውና በክብር ራስጌው ላይ፣ በ180ው ጫፍ ተቀመጡ። ትሪው መካከል ላይ ተቀመጠ። እንጀራው ዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ ከአክስቴ ደረት እስከ እንጀራው ጠርዝ ሌላ 60 ሴንቲ ሜትር ባዶ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ወጡ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነው። እጃቸውን ሰደዱ፤ ነጠላቸው ቀድሞ ደረሰ፣ ሽሮው ውስጥ። ልጁ ደንግጦ በትንሽ ሳህን ቆርሶ፣ ወጥ ጨምሮበት፣ በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው እጅ አሳልፎ ላከላቸው።

«ጉርሻም በመልክተኛ ሆነ?» አሉ።

«እማማ፣ ከተማ እኮ ለየብቻ በሳህን ነው የሚቀርበው።»

«ለየብቻውማ መቃብር አለልን፤ ምን አስቸኮለን?»

ማንም አልሳቀም። እኔም እጄን ከትሪው ላይ አነሣሁ። አክስቴ ድርቅ ባለበት ዘመን ከአንዲት የገብስ ቂጣ አምስት ልጅ ያጎረሰ እጅ አላቸው፤ ያ እጅ ዛሬ በጥጋብ ቀን እንጀራ ላይ መድረስ አቃተው። ይህ ቀልድ አይደለም። የእኛ ምግብ መካከል ላይ ተቀምጦ ሰው ዙሪያውን የሚሰበሰብበት ምግብ ነው። አራት ማዕዘን ረጅም ጠረጴዛ የተሠራው ግን ሰው ሁሉ በየፊቱ የየራሱ ሳህን ላለው ማዕድ ነው። ለዚያ ማዕድ ልክ ነው። ለኛ ማዕድ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ የሚያስርብ ሰሌዳ ነው፤ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ሁልጊዜ የምናከብረው ሰው ነው።

«ጠረጴዛ» የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትራፔዛ ይሉታል፣ ባለ አራት እግር ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ገበታ» እንላለን፤ ስለ እግሩ ቁጥር የሚናገረው ነገር የለም። ሰው ምግብ ላይ ሳለ እንግዳ ሲገባ ተነሥተው እንዳያስቸግሩ «ገበታ ንጉሥ ነው» የሚባለው ለእግሩ አይደለም፣ ለተሰበሰበበት ሰው ነው።

የምሳው ወሬ ሳይውል ሳያድር ጎረቤት ደረሰ። አንድ አዛውንት ዘመዳችን ማታ መጡና ጠረጴዛውን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ «መሶብ እያለላችሁ ይህን ምን ብላችሁ አመጣችሁ? የአባት የእናት ነገር ተረሳ» ብለው ልጁን ገሠጹት። እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርሁ። አክስቴ ግን አልነበሩም።

«አያ፣ ጉልበትዎን ያበድሩኝና መሶብ ላይ እቀመጣለሁ» አሏቸው።

አዛውንቱ ዝም አሉ፤ እኔም በልቤ ያሰብኩትን አጠፍሁ። አክስቴ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይይዛል፤ ሲነሡ ሁለት ሰው። በርጩማና ዱካ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ያረጀ ጉልበት ከእነሱ ላይ መነሣት ያቅተዋል። ልጁ ይህን አይቶ ነው ወንበርና ጠረጴዛ ያለው። አስቦ ነበር፤ ገበያው ግን ልጁ ያሰበውን ሳይሆን የራሱን ሸጠለት። ስለዚህ ነገሩ የመሶብና የጠረጴዛ ጠብ አይደለም። ከመሶቡ ክብነቱን፣ ከጠረጴዛው ከፍታውን የሚወስድ ገበታ ነው የሚያስፈልገን።

ሒሳቡን በጣቴ ሠራሁት። አንድ ሰው ክንዱን ሳይገጭ ለመብላት 60 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። መሐል ለመሐል 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ገበታ ዙሪያው 377 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስድስት ሰው ይይዛል። ያው የ60 ሴንቲ ሜትር እንጀራ መካከሉ ላይ ሲቀመጥ ከየትኛውም ሰው ደረት እስከ እንጀራው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ለሁሉም እኩል። ራስጌ የለውም፣ ግርጌ የለውም። ታላቅ የተቀመጠበት ሁሉ ራስጌ ነው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ልጁ «ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንይ» አለኝና ወደ አንድ የዕቃ መደብር ገባን። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው፤ ሥራውን ይሠራል። አንድ ቡናማ ጠረጴዛ እየዳሰሰ «ጋሼ፣ ይሄ ዋንዛ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ላይ ላዩን የእንጨት ጅማት የታተመበት ስስ ልባስ ነው፤ ከሥር ጠርዙ ላይ ልባሱ ተላቆ በኮላ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ይታያል።

«ጋሼ፣ ሰው ጠረጴዛ ሥር አይበላም፤ ምን ያስጎነብስዎታል?»

«ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ሆዱን ያያል» አልሁት።

«ሁሉም ሰው ላዩን አይቶ ነው የሚወስደው።»

«ይህማ ቅኔ ሆነ። ሰሙ ዋንዛ፣ ወርቁ ሰጋቱራ።»

ወጣቱ ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነትዎን ነው» አለኝ። አመሰገንሁት። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ገብቶ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎታል። የመንዝ ሰው ሰምና ወርቅ የሚያውቀው በንግግር ነው፤ በንግግር ያምራል፤ ወርቁ ከሰሙ ይበልጣልና። የቤት ዕቃ ላይ ግን ሰሙ ከወርቁ በልጦ ሲገኝ ሰው ተታለለ ማለት ነው።

እንዲህ በኮላ የተጨመቁት ኤምዲኤፍና ቺፑድ ጠላቴ አይደሉም። ደረቅ ቤት ውስጥ፣ ከቦታው ለማይነቃነቅ መደርደሪያ ወይም ቁምሳጥን ይሆናሉ፤ ዋጋቸውም ለብዙ ሰው ይቀርባል። ሻጩ «ቺፑድ ነው» ብሎ ይሽጥ፣ ገዢውም አውቆ ይግዛ። ነገር ግን ሁለት ነገር አይችሉም። አንደኛው ውሃ ነው። ወለል በታጠበ ቁጥር፣ ክረምት ከአፈር ወለል እርጥበት በተነሣ ቁጥር እግራቸው ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይፈርሳል። ሁለተኛው መፍታትና መግጠም ነው። ብሎን አንዴ ሲገባባቸው ይይዛል፤ ፈትተህ መልሰህ ስታጠብቀው ጉድጓዱ ይላላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ስንቱ ተከራይ ነው በየዓመቱ ዕቃውን ፈትቶ የሚጭነው? አከራይ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ጠረጴዛውም አንድ ብሎን ይቀንሳል።

የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ሶፋ በገመድ ታስሮ በበረንዳ ሲሳብ ከታች ቆሞ ያላየ የለም። አንድ 180 በ90 ጠረጴዛ ከየጎኑ ወንበር ተስቦ ሰው እንዲያልፍ 90 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ሲደመር 3 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ70፣ ወደ 10 ካሬ ሜትር ለጠረጴዛው ብቻ ማለት ነው። ከዚያ ሳሎን ሶፋው፣ ቡፌው፣ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ የት ሊገቡ ነው? ጋዜጣ አንጥፋችሁ ልኩን ወለሉ ላይ አሳዩ፤ ሁለት ቀን ዙሩት። ጋዜጣውን ከረገጣችሁት ጠረጴዛው ያደናቅፋችኋል።

አክስቴ አንድ ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ሰንብተው ነበር። የዘመዳችን ቤት ሶፋው ከፋብሪካ እንደወጣ ላስቲኩ አልተነሣለትም። እሳቸው ገና ሲቀመጡ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸና ደነገጡ። «ይህ ሶፋ ብርድ ነው የሚፈራው ወይስ እኛን?» አሉ። ባለቤቲቱ አፍራ ላስቲኩን ያን ማታ ገፈፈችው። በማግሥቱ ደግሞ ቡፌው ፊት ቆሙ። በመስታወቱ ውስጥ ወርቅ ቅብ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ቡፌው ተቆልፏል።

«ልጄ፣ እነዚህ ሳህኖች ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?»

«እትዬ፣ ለእንግዳ ነው።»

«እኔስ ምንሽ ነኝ?»

ሳህኖቹ ወጡ። እስካሁንም ወጥተው ቀርተዋል፤ ሁለቱ ተሰብረዋል፤ ባለቤቲቱም አልቆጫትም። ሳህን ሲሰበር ሰው እንደበላበት ይታወቃል።

ስለ ሶፋ ካነሣሁ አይቀር፣ የቆዳ የሚመስለውን ወደ ደጋ የምትወስዱ ሰዎች ተዉ። ጠዋት ውርጭ ባለበት ቤት በረዶ ላይ እንደመቀመጥ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ እንደ ድንች ይላጣል። ያገሩ በግ ጠጉሩን ይዞ ደጃፍ ቆሟል። የመንዝ ሴቶች ጠጉሩን በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ባና አድርጎ ይሠራዋል። ከግሼ የመጣ አንድ ባና አክስቴ መደብ ላይ አለ፤ እኔ ልጅ ሆኜም እዚያው ነበር። ያንን ወንበር ላይ ጣሉት፤ ጀርባችሁ ያመሰግናችኋል። ባና የድሃ ልብስ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ሌሊት ያለ እሱ መሐል ሜዳ ይደር።

ገበታውን በመጨረሻ ያሠራነው እዚያው መሐል ሜዳ ካለ አናጢ ዘንድ ነው። መጀመሪያ የተከራከርነው በእንጨቱ ነው። ልጁ ዋንዛ አለ። ዋንዛ ለሥራ የሚታዘዝ፣ ቀላል፣ ነቀዝ ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ከበሮ የሚፈለፈለውም ከሱ ነው። መንዝ ደጋው ላይ ግን አይበቅልም፤ ብርዱ አይስማማውም። ወደ መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርዱ ነው የሚገኘው።

«ከየትም ይምጣ፣ ብቻ ይምጣ» አለ ልጁ።

«ከየትማ አይመጣም» አለው አናጢው። «ደን ገብቶ የተቆረጠ ከሆነ እኔ መጋዝ አላሳርፍበትም። ገበሬ በጓሮው ተክሎ፣ ፈቃድ ይዞ የሸጠው ከሆነ አምጣ።»

ልክ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። አራቱም አንድ ትውልድ ተክሎ ሌላ ትውልድ የሚጠቀምባቸው ዛፎች ናቸው። የምግብ ጠረጴዛ ለማሳመር ብሎ ደን ያራቆተ ሰው የልጁን ምሳ ቀድሞ በላ። ዘመድ አፈላልጎ፣ ከመርሐቤቴ ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር የወደቀ ዋንዛ ሳንቃ ተገኘ። ለእግሩ የደረቀ ባሕር ዛፍ።

«የደረቀ» የምትለዋን ቃል አናጢው ሦስት ጊዜ ነው የደገማት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ የቆመ ጠረጴዛ በፋሲካ ይንበረከካል። ሳንቃ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ተነባብሮ፣ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መድረቅ አለበት የሚል የአናጢዎች ልማድ አለ። ልጁ «አንድ ዓመት ማን ይጠብቃል?» ብሎ አጉረመረመ።

አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ በእጁ ወደ ጓሳ አመለከተ። «የዚህ አገር ሰው የቤቱን ክዳን ሳር እንኳ ዘግቶ፣ ጠብቆ፣ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚያጭደው። አንተ ሳንቃ ለመጠበቅ ቸኮልህ?»

እውነቱን ነው። የጓሳን ሜዳ አባቶች ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ዘግተው፣ ሳሩ ሲደርስ ብቻ በጋራ ከፍተው፣ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዱት ነበር፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወረደ ነው ይባላል። ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሜዳ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉበት። ያንን የሚያህል ትዕግሥት ያለው አገር እርጥብ ጠረጴዛ ሊገዛ አይገባውም። ሳንቃው ቀድሞ የደረቀ በመሆኑ እኛ የጠበቅነው ሁለት ወር ብቻ ነው።

አሁን የማልረሳውን ነገር ልንገራችሁ። አናጢው ልክ ሊወስድ ቤት መጣ። ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ትቶ ሲባጎ አወጣ። አክስቴ ፊት በርከክ ብሎ፣ «እማማ፣ እግርዎን እንዲህ መሬት ላይ ያሳርፉ» አላቸው። ጫማቸውን አስተካከለ። ከመሬት እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ ሲባጎውን ዘረጋና ቋጠረው። ከዚያ እጃቸውን አጥፈው እንዲያሳርፉ ጠይቆ እስከ ክንዳቸው ለካና ሁለተኛ ቋጠረ።

«ምነው፣ ለሬሳ ሳጥን ነው የምትለካኝ?» አሉት።

«እማማ፣ የሬሳ ሳጥን ቁመት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም።»

አክስቴ ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ። ለተረብ መልስ ሲያጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቋጠሮ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ አረፈ። የገበያ ወንበር መቀመጫው 45 ነው፤ ለካ እነዚያ ስድስት ወንበሮች ላይ የአክስቴ እግር መሬት አይነካም ነበር፤ እግራቸው እየደነዘዘ ዝም ብለው ነበር የተቀመጡት፣ ልጁ እንዳይከፋው። ልጁ ይህን ሲሰማ ወጥቶ ደጅ ቆመ። ወንበሩ በ40 ተሠራ፤ መነሻ እንዲሆናቸው ሁለት ጠንካራ የክንድ መደገፊያ ተጨመረበት። ገበታው ደግሞ 75 መሆኑ ቀርቶ 70 ሆነ። አምስት ሴንቲ ሜትር ናት፤ ግን ክንዳቸው ሳይሰቀል እንጀራው ላይ ያርፋል።

የተጠናቀቀ ለት ተሸካሚ አልጠራንም። እግሮቹ በብሎን የሚፈቱ ናቸው። ክቡ ገበታ በጠርዙ ቆሞ፣ እንደ ጋሪ ጎማ ተንከባሎ፣ በዚያው በ70ው በር ገባ፤ መቃኑን እንኳ አልነካም። ረጅሙ ጠረጴዛ ከግድግዳው ተጠግቶ ተቸንክሯል፤ የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ የቤት ሥራ ይሠሩበታል። ለየብቻቸው ደብተር አላቸውና ለነሱ ልክ ነው።

ትሪው መካከል ተቀመጠ። አክስቴ ያለ ማንም እርዳታ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጁ አጎረሱት። ልጁ አላምጦ ሳይጨርስ «እማማ፣ አሁን ይህ ለስንት ሰው ይበቃል?» አላቸው።

«ለመጣው» አሉት። «ይልቅ ወንበርህን ጠጋ አድርግና ለጎረቤት ቦታ ልቀቅ።»